አቦል፣ ቶና እና ላፕላስ

ባለፈው እሑድ ጎንደር ማራኪ አካባቢ በተከራየሁበት ግቢ እትዬ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። በማግስቱ ፈተና ነበረብኝና ደብተሬን ይዤ ገባሁ። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ቡና የተጠራ ሰው ደብተር ይዞ አይሄድም።

የቀደመው ሳምንት አቦል ምላሴን ልጦኝ ነበር። ስለዚህ ሲኒው ሲሰጠኝ ረከቦቱ ጥግ አስቀመጥኩትና መቼ እንደሚጠጣ በስሌት ልወቀው አልኩ። ትኩስ ነገር የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት በራሱና በአካባቢው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ልክ ነው፤ ኒውተን ያለው ይህንን ነው። ይህ ደግሞ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው፣ የለውጥ ፍጥነት ያለበት እኩልታ፤ የነገው ፈተናም እሱን በላፕላስ ትራንስፎርም፣ በሒሳብ ሊቁ ላፕላስ ስም በተጠራው ዘዴ፣ መፍታት ነው። የክፍሉን ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የመቀዝቀዣውን ቋሚ ቁጥር በደቂቃ 0.1 ብዬ በግምት ጀመርኩ።

ላፕላስ ደግ ሰው ነው። እኩልታውን ከጊዜ ዓለም፣ በጊዜ ፈንታ ኤስ የሚባል ፊደል ወዳለበት ወደ ኤስ ዓለም ያሻግርልሃል፤ እዚያ ደሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነት) የሚባል ጣጣ የለም፣ ያለው ተራ አልጀብራ ነው። ፈትተህ ስታበቃ የመመለሻውን ሰንጠረዥ አይተህ ወደ አገርህ ትመለሳለህ። ሄድኩ፣ ፈታሁ፣ ተመለስኩ። እንደ መልሱ ከሆነ የእትዬ ቡና ከጀበናው የወጣው በዜሮ ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ እየሞቀ ወደ 20 ይጠጋል።

ቀና ብዬ ሲኒውን አየሁት። ይጨሳል።

መስመር በመስመር ፈተሽኩ። ምልክቱም ልክ፣ ክፍልፋዩም ልክ። የእትዬ የወንድም ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ፈንዲሻ እየቆረጠመች በትከሻዬ ላይ ስታይ ቆየችና «ሲቀዳ ግን ስንት ነበር?» አለችኝ።

መነሻው! ደሪቬቲቩ ወደ ኤስ ዓለም ሲሻገር ፈንክሽኑ፣ እዚህ የቡናው ሙቀት፣ በኤስ ይባዛል፤ ከዚያ ላይ የመነሻው ዋጋ ይቀነሳል። እኔ መቀነሱን ዘልዬዋለሁ። ላፕላስ ደግነቱ እስከዚህ ነው፤ መነሻውን ካልነገርከው አይጠይቅህም፣ ዜሮ እንደሆነ ቆጥሮ መንገዱን ይቀጥላል።

100 ብዬ አስገባሁ። ቡናው 60 ዲግሪ የሚደርሰው በ7 ደቂቃ ገደማ ሆነ። ልጠጣ እጄን ስዘረጋ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ መሆኗ ትዝ አለኝ፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንደገና ሠራሁ። 6 ደቂቃ። ለአንድ ደቂቃ ልዩነት ስንት ደቂቃ እንዳቃጠልኩ አልቆጠርኩም።

የቆጠሩ ግን ነበሩ። ለካ ይህን ሁሉ ስሠራ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ በሲኒው ላይ ምንድን ነው የምትደግመው?»

«ላፕላስ ነው፣ እማማ።»

«ማነው ደግሞ እሱ?»

«ፈረንሳዊ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1827 ነው የሞተው።»

እማማ አማተቡ። «የሙት ስም በቡና ላይ! በአርባ አራቱ ታቦት አገር!» ደብተሬን አዩት፤ ኤስ፣ ክፍልፋይ፣ ቅንፍ፣ ጠማማ መስመር። ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ክታብ ውስጥ እንጂ ደብተር ላይ አይጠበቅም።

እትዬ በበኩላቸው ቶናውን ሊቀዱ መጥተው ሙሉውን ሲኒዬን አገኙት። «ቡናዬ ምን ጎደለው?» ሲሉኝ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ እትዬ ሲቆጡ ይጮኻሉ፣ ሲያዝኑ ነው ዝቅ የሚሉት። የምመልሰው ጠፋኝና ሰዓቴን አየሁ። 25 ደቂቃ አልፏል። ቀመሩ ለ25 ደቂቃ 26 ዲግሪ ይላል። በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ቀመሩ አልዋሸም።

ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ስለ እሱ ብዙ የሚወራ የለም። ረቡዕ ማታ ግን እማማ በሬን አንኳኩ። ግራ ቀኝ አይተው ገቡና ድምፃቸውን ቀንሰው «ያ የሞተው ፈረንጅህ የጠፋችውን ዶሮዬን ይነግረኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉኝ።

«መጀመሪያ የት እንደነበረች ይንገሩኝ፣ እማማ። ያለ መነሻ አይሆንም።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እሱን ባውቅማ አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ?»