ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከቡችላ ጋር

ዳማ ቤታችን ሲገባ የ8 ሳምንት ቡችላ ነበር። ማታ የሚተኛበትን የሽቦ ሳጥን ወጥ ቤት አስቀመጥኩ፣ ብርድ ልብስ አነጠፍኩለት፣ በሩን ዘጋሁ፣ መብራት አጥፍቼ ሄድኩ። "ቢያለቅስ ዝም በለው፣ ይለምዳል" ብሎ የመከረኝ ሰው ነበር፤ አመንኩት።

አለቀሰ ማለት ያንሰዋል። መጀመሪያ ሲቃ፣ ቀጥሎ ማላዘን፣ ቀጥሎ የሽቦውን በር በጥርሱ መንከስ። 9 ሰዓት ላይ አላስችለኝ ብሎ ስነሳ ብርድ ልብሱ በሽንት ርሷል፣ ደረቱ በለሃጭ ተነክሯል፣ አንዱ ጥፍሩ ስር ደም ይታያል። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ሲባል ስለ ታማኝነት መስሎኝ ነው የኖርኩት፤ በዚያ ሰዓት ግን ሌላ ትርጉም ነበረው።

ጠዋት ላይ ሳስበው አፈርኩ። እስከ ትናንት ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ጋር ተደራርቦ ሲተኛ የነበረ ፍጥረት ነው። እኔ ደግሞ በአንድ ቀን እናቱንም፣ ሙቀቱንም፣ ሽታውንም ነጥቄ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ዘጋሁበት። ይህ ምን ያስተምረዋል? ሳጥን ማለት የምትጣልበት ቦታ መሆኑን ብቻ።

በሁለተኛው ሌሊት ሳጥኑን መኝታ ቤት አስገባሁና ከአልጋዬ እኩል እንዲሆን የማይነቃነቅ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ማልቀስ ሲጀምር ጣቶቼን በሽቦው መሃል ሰደድኩለት። አፍንጫውን ለጠፈብኝ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ትንፋሹ ይጣደፋል። ከዚያ እየረጋ፣ እየረጋ ሄደና አንዴ በረጅሙ ተንፍሶ አገጩን ጣቶቼ ላይ ጣለው። ክንዴ ደነዘዘ። አላነሳሁትም።

ሽንቱ ግን በፍቅር የሚፈታ ነገር አልነበረም። ውሻ የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም፤ የሳጥን ስልጠና (ቡችላ ሳጥን ውስጥ እያደረ ሽንቱን መያዝ እንዲለምድ ማድረግ) የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ግን "ሲያድግ ይሆነዋል" ብዬ ትልቅ ሳጥን ስለገዛሁ፣ ዳማ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን መጸዳጃ አድርጎ ተመቻችቶ ይኖር ነበር። ሳጥኑ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ ለመተኛት የሚበቃው ያህል ብቻ መሆን አለበት። ትርፉን ቦታ በካርቶን ከለልኩት፤ በላው። በመጨረሻ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን መከለያ ሽቦ አገኘሁት። የማሸጊያ አካል መስሎኝ ጓዳ ወርውሬው ነበር።

ቡችላ በወር በሚቆጠር ዕድሜው ላይ አንድ ጨምረህ ያን ያህል ሰዓት ሽንቱን ይይዛል የሚል የልምድ ስሌት አለ። የሁለት ወሩ 3 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው፤ ተኝቶ ሲሆን ትንሽ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ 5 ሰዓት ላይ ካስተኛሁት 8 ሰዓትና 11 ሰዓት ላይ አላርም ሞላሁ። ዋናው ነገር እሱ ሳያለቅስ እኔ ቀድሜ መነሳቴ ነው። ሁልጊዜ ሲያለቅስ ከከፈትኩለት ለቅሶ በር እንደሚከፍት ይማራል፤ ዝም ካልኩት ደግሞ ፊኛው ሞልቶ እላዩ ላይ ይለቀዋል። ቀድሞ መነሳት ከሁለቱም አዳነኝ። ደረቅ ሆኖ ባደረ ቁጥር አላርሙን በ15 ደቂቃ እገፋው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ያበላሸሁት እኔው ነኝ። 8 ሰዓት ላይ ሸንቶ ሲጨርስ ጅራቱን እየቆላ ጫማዬን ያዘ። ሳቅሁ፤ ትንሽ አጫወትኩት። በማግስቱ ፊኛው ሳይሞላ በዚያው ሰዓት ለጨዋታ ተነሳ። በማግስቱም ደገመው። ያንን ለማስረሳት አራት ሌሊት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ አንድ ነው፦ ማሰሪያ፣ ደብዛዛ የእጅ ባትሪ፣ ሁልጊዜ ያው ቦታ፣ ወሬ የለም። ሲጨርስ ቀስ ብዬ "ጎበዝ" እለዋለሁ፤ ቀጥታ ወደ ሳጥኑ።

ለቅሶውን መለየትም ጊዜ ወሰደብኝ። "ብቸኝነት ተሰማኝ" የሚለው ለቅሶ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ይጀምራል። "መጣብኝ" የሚለው ደግሞ ከእንቅልፉ ድንገት ተነስቶ መሬቱን እያሸተተ ሲሽከረከር ነው። ለመጀመሪያው ጣት፣ ለሁለተኛው በር።

የሌሊቱ ሥራ ግማሹ የሚሠራው ግን በቀን ነው፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ምግቡን በሩ ክፍት እንዳለ ሳጥኑ ውስጥ ማቅረብ ጀመርኩ። ከዚያ በልቶ እስኪጨርስ ብቻ መዝጋት፣ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ለአምስት። አንድ ቀን ጫማ ሲያኝክ ይዤው ተናድጄ ለቅጣት አስገባሁት፤ ለሁለት ቀን ከሳጥኑ በር ላይ እግሩን ተክሎ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ "አንተም ብትሆን አትገባም" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። የመጨረሻ ምግቡን ከመተኛቱ 3 ሰዓት ያህል ቀድሜ እሰጠዋለሁ። የአንገት ቀበቶውን አወልቃለሁ፤ ሽቦ ላይ ተጠላልፎ ሊያንቀው ይችላል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ለውሻ አፍንጫ ሽንት ሽንት ስለሚል፣ የሸናበትን ቦታ የሽንትን ሽታ በሚያፈርስ የኢንዛይም ማጽጃ ነው የማጸዳው።

በተወለደ በ11ኛው ሳምንቱ፣ ስድስት ሌሊት ደረቅ ካደረ በኋላ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሽንቱን ጠብ ጠብ ማድረግ ጀመረ። እልኸኛ ሆነ ብዬ ውሃውን ልቀንስበት ነበር። ደግነቱ እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ስልጠናው ድንገት ወደ ኋላ ሲመለስ ከቡችላው ጠባይ በፊት ጤናው ይታይ።

አራት ወር ሲሞላው ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንዴም ሳይነሳ አደረ። ሳጥኑን ከጠረጴዛው አውርጄ በየጥቂት ቀኑ አንዳንድ እርምጃ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ገፋሁት። አሁን በሩ ክፍት ነው፤ ሲመሽ ማንም ሳያዘው ይገባል፣ አንድ ካልሲዬንም ይዞ። እኔ ግን አሁንም 8 ሰዓት ሲሆን ያለ አላርም እነቃለሁ። ከኮሪደሩ ማንኮራፋቱ ይሰማኛል።