«ከበደ» «ኪቢዲ» እንዳይሆን፦ ባለሰሪፍ የግዕዝ ፎንት እዚህ ደርሷል

ሰሪፍ ማለት በፊደል ጫፍ ላይ የምትወጣ ትንሽ ጌጠኛ ጭረት ናት። 231ዱ መሠረታዊ ፊደላት (33 በ7) ተሥለው አልቀዋል። እንደ «ቋ» ያሉት ዲቃላዎች ይቀራሉ። ፎንቱ የታሰበው ባሕር ዳር ውስጥ ለሚታተም የሠርግ ካርድ፣ ለሆቴል ታፔላና ለመጽሐፍ ሽፋን ነው እንጂ ለረጅም ንባብ አይደለም።

መነሻው በክብራን ገብርኤልና በሌሎች የጣና ገዳማት ብራናዎች ላይ የሚታየው ቁም ጽሕፈት ነው፤ ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን። ኮምፒውተር ከመክፈት በፊት አፉ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የመቃ ብዕር ቀርጾ፣ በ26 ሚሊ ሜትር ቁመት ጥቂት ገጽ መጻፍ ያዋጣል። ያ ልኬት የፎንቱን ሙሉ መጠን በ1000 አሃድ በሚከፍለው የመሣያ ሰሌዳ ላይ 720 ቁመትና 110 የቋሚ ውፍረት ይሆናል። አግድሙ 28 ነው። የፎንት መሥሪያው ሶፍትዌር የፎንትፎርጅ አጠቃቀም በየቦታው ስላለ እንለፈው።

ጣጣው ሰሪፉ ነው። በላቲን ፊደል እግር ላይ የምትወጣው ጭረት ጌጥ ብቻ ናት፤ ቢቆርጧትም ድምፅ አይለወጥም። በእኛ ፊደል ግን በቀኝ እግር ግርጌ ወደ ቀኝ የወጣች ጭረት ሣልስ ናት። ቦዶኒ የተባለውን የላቲን ፎንት ዓይነት ቀጭን ሰሪፍ ከ«ለ» እግር ሥር ብትለጥፉ «ሊ» ይነበባል፤ «ከበደ» «ኪቢዲ»፣ «በለጠ» ደግሞ «ቢሊጢ» ይሆናል። የላቲን ሰሪፍ ገልብጦ ፊደል ላይ መስፋት ስንፍና ነው፤ እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ረቂቅም በዚያው ስንፍና የተሠራ ነበር።

ሰሪፉን ማሳጠር አይፈውሰውም። የሣልሷ ጭረት 120 አሃድ፣ ሰሪፉ 35 ቢሆንም በ14 ነጥብ የፊደል መጠን ሲታተም ዓይን ይደናገራል። የሠራው ግን ይህ ነው፦ ጌጡን ሁሉ ወደ ራስ ማውጣት። የቋሚው አናት ወደ ግራ 40 አሃድ የሚወጣ ሽብልቅ ይሁን፤ እግሩ ብዕር እንደሚተወው በ22 ዲግሪ ተቆርጦ ይቅር፤ በቀኝ በኩል ምንም አይውጣ። ሣልሷ ራሷ ደግሞ ጫፏ ላይ ትወፍር፣ ሆን ተብሎ የተጻፈች እንድትመስል። «ብ»ን ስትሥሉ የግራ ጭረቷ ከአናት ሽብልቁ ጋር እንዳትቀራረብ ዝቅ አድርጓት። «ሩ» እና «ሪ» ከ«ረ» ተቀድተው አይወጡም፤ በእጅ ይሣሉ።

ፈተናው በስም ዝርዝር ይሁን። በዓረፍተ ነገር ውስጥ አንባቢ ከዐውዱ ገምቶ ያርመዋል፤ በሠርግ ካርድ ላይ ያለ ስም ግን ምንም አጋዥ የለውም። ፎንቱን አይቶ የማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።

የኃምስ ቀለበት ውስጠኛው ክፍተት ከ70 አሃድ ካነሰ ቀለም ይደፍነዋል፤ የ«ቤ» እና የ«ሌ» ነገር በተለይ። 28 አሃድ በ12 ነጥብ 0.12 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለወርቃማ ፎይል ከ24 ነጥብ በታች አትውረዱ። ለታፔላ ስቲከር ሲቆረጥም ያው ቀጭኑ አግድም ነው ቀድሞ የሚላጠው፤ 45 አሃድ ያለው ሌላ ቅጂ ማዘጋጀት ይሻላል።

ካርድ ላይ ዓመተ ምሕረት በግዕዝ ቁጥር የሚፈልግ አይጠፋም። ቁጥሮቹ ከላይና ከታች መስመር ስላላቸው ለእነሱ ሰሪፍ አያስፈልግም። በ«፳፻፲፰» መስመሮቹ እንዲገጥሙ የግራና የቀኝ ክፍተቱን ዜሮ አድርጉ፤ ከዚያ መስመሩን በየጎኑ 2 አሃድ አሳልፉት፣ አለዚያ ሲታተም በየመጋጠሚያው ነጭ ስንጥቅ ይታያል።