ኮትቻው ላይ የተከልኩት ወይን

ዝዋይ አጠገብ የቤተሰብ መሬት አለን። ግማሹ አሸዋማ፣ ግማሹ ኮትቻ ነው። ወይን ልተክል ስነሳ ልቤ የሄደው ወደ ኮትቻው ነበር። ጥቁር አፈር ሲያዩት ያጠግባላ! አባቴ "ተው ልጄ፤ ኮትቻ ውሃ ያቁራል። ቅጠል እንጂ ፍሬ አታገኝበትም" አሉኝ። አልሰማኋቸውም።

ዝርያውንም የመረጥኩት በምላሴ ነው። ሸነን ብላን የሚባለውን ነጭ ወይን እወዳለሁ፤ እሱኑ ተከልኩ። የዚህ ወይን ፍሬ ዘለላው ላይ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተጨናንቆ ነው የሚያድገው። ዝናብ ሲመታው መሃሉ ቶሎ አይደርቅም። አንዷ ፍሬ ከፈነዳች ጎረቤቶቿን ይዛ ትበሰብሳለች። በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ከለቀምኩት ከግማሽ በላይ ሻጋታ ነበር። ቅጠሉ ግን፣ አባቴ እንዳሉት፣ ደን ሆኖልኛል።

ሁለተኛው ጥፋቴ የጊዜ ነው፤ ለቀማዬን ዝናብ ላይ ጣልኩት። የአውሮፓ ወይን ብርድ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ዝዋይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወይን የሚያስተኛ ክረምት የላትም። እዚህ ተክሉን የሚቀሰቅሰው መቀስ ነው፤ ከተገረዘ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታሰበው የለቀማው ወር ነው፤ የመግረዣውን ቀን ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው።

ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ መጠጥ አምራች እዚሁ ዝዋይ ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉ የወይን ዝርያዎችን አልምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊ የተባለውን ወይኑን ገበያ አውጥቷል። እኔም ዳግም ስተክል ከእነዚህ ካበርኔን መረጥኩ። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ነው፤ ዘለላውም ንፋስ ያስገባል። የተከልኩት አሸዋው ላይ ነው። አሸዋ ውሃ አይዝም፤ ያለ ጠብታ መስኖና ያለ ፍግ አይሆንም። ግን ውሃውን የምለካው እኔ ነኝ፤ ኮትቻው ላይ የሚለካው ሰማይ ነበር።

አሁን መስከረም መጨረሻ ላይ እገርዛለሁ፤ የካቲት ላይ፣ የበልግ ዝናብ ሳይደርስ እለቅማለሁ። መጋቢት ላይ ደግሞ አሳጥሬ እገርዝና የክረምቱን ዘለላ ገና በእንጭጩ ቆርጬ እጥላለሁ። ተክሉ ለመስከረም ጉልበት ይቆጥብ ብዬ ነው። አባቴ ይህን ማየት አይችሉም፤ "የእግዜር ፍሬ ይጣላል?" እያሉ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ኮትቻው ላይ ጤፍ ዘርተውበታል። ባለፈው ሲያሳጭዱ ጠሩኝና አንድ እፍኝ አሸት አድርገው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ስለ ወይኑ ምንም አላሉም።