ፊሽካውን ማንም ይንፋ

ዳውሮ ውስጥ በአንድ የድንጋይ ከሰል ማውጫ የደህንነት ባለሙያ ሆኜ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። እዚያ ዋሻ የለም። አፈሩ በኤክስካቫተር ይገፈፍና ከሰሉ ይወጣል። ስቀጠር ጭንቅላቴን የሞላው የተማርኩት የጋዝ ፍንዳታ ነበር። ስደርስ ግን ዋናውን ጠላት ዝናብ ሆኖ አገኘሁት።

ከከሰሉ በላይ ያለው አፈር ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይላላል፣ ከዚያ ይናዳል። በመጀመሪያው ክረምቴ ሐምሌ ላይ የቁፋሮው ግድግዳ ተደርምሶ አንዱን ኤክስካቫተር እስከ ካቢኑ ቀበረው። ኦፕሬተሩ ምሳ ሊበላ ወጥቶ ነበር። እግዚአብሔር ነው ያተረፈው።

ማታ ልጆቹን ሰብስቤ ጠየቅኳቸው። ሦስቱ ስንጥቁን ከሁለት ቀን በፊት አይተውታል። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ! «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ። አንዱ መሬት መሬት እያየ፣ «ኢንጂነር፣ ከተናገርን ሥራ ይቆማል። ሥራ ከቆመ የዕለቱ ሂሳብ የለም» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሄልሜት አድያለሁ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስልጠና ሰጥቻለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው አደጋ ሊያመጣ የሚችል ነገር ሲያይ እንዲያሳውቅ እንደሚያስገድድም ነግሬያቸዋለሁ። አከፋፈላችን ግን የተናገረውን ሰው እራት ያሳጣው ነበር።

አዋጁን እንደገና ገለጥኩ። አንቀጽ 54 ላይ፣ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙ እንደሚገባው ተጽፏል። ይህን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። አንቀጹን ብቻ ሳይሆን ሂሳብም ሠርቼ ነበር። በአንድ በኩል የአርባ ሰው የግማሽ ቀን ክፍያ፣ በሌላ በኩል የተቀበረው ማሽን ጥገናና ቆሞ የዋለበት ኪራይ። ብዙ አልተከራከረኝም። ለደህንነት ሲባል ሥራ ከቆመ ሂሳብ እንደማይቆረጥ በደብዳቤ ፈረመ። ደብዳቤውን በአማርኛም በዳውሮኛም አስነበብኩት።

ከዚያ ለየቡድኑ ፊሽካ ሰጠሁ። ማንም ይንፋው፤ ሲነፋ ሁሉም ይወጣል፤ ጥያቄ ከወጡ በኋላ ነው። ስንጥቅ በተገኘበት ቦታ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል እንተክላለን። ጠዋትና ማታ መሃላቸውን በሜትር እንለካለን። ርቀቱ ከሰፋ ከሥሩ ሰው አይገባም። ከገደሉ አናት ላይ ደግሞ ጎርፉ ወደ ስንጥቁ እንዳይገባ ቦይ ቆፈርን። ለዚህ ሁሉ የወጣው ወጪ ሜትር፣ ችካልና የአካፋ ጉልበት ነው።

የመጀመሪያውን ፊሽካ የነፋው አዲስ የገባ ልጅ ነበር። ሁሉም ወጣ። አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ ምንም አልተናደም። ፎርማኑ ጦፈ። «ጋሼ፣ ይቆዩ» አልኩትና ልጁን በሁሉም ፊት አመሰገንኩት። ማታ ሂሳቡ ሙሉ መከፈሉን ራሴ ቆሜ አየሁ። በእኔ እምነት ከደብዳቤውም ከስልጠናውም በላይ ሥራውን የሠራው ያ ማታ ነው። በሳምንቱ ፍሬኑ የላላ ሲኖትራክ አሳዩኝ። ቀጥሎ ከተከመረው ከሰል ጭስ ጭስ የሚል ሽታ ሲመጣ ጠሩኝ። ከሰል ተከምሮ ሲቆይ ከውስጡ ራሱ ይግላል፤ ውሃ ከላይ ማርከፍከፍ ብቻ አይበቃውም። የጋለውን ቆፍረን አውጥተን፣ በትነን አቀዘቀዝነው።

በዓመቱ ነሐሴ ላይ ችካሎቹ በአንድ ሌሊት ሦስት ሳንቲ ሜትር ተራርቀው አደሩ። ማንንም አላስገባንም። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ወረደ። ከሥሩ ሰው አልነበረም።

አቧራው ላይ ግን አልተሳካልኝም። መንገዱን በቦቴ ውሃ እናርሳለን፤ ልጆቹ አፋቸውን በሻሽ ያስራሉ። ሻሽ የሚይዘው ሻካራውን ነው። ሳንባ ድረስ የሚገባው ከ5 ማይክሮን በታች የሆነው፣ ዓይን የማያየው ነው። ደቃቁን የሚያጣራ ኤን 95 ማስክ አስመጣሁ፤ በሙቀቱ አውልቀው ኪሳቸው ይከቱታል። የከሰል አቧራ ያመጣው የሳንባ ጠባሳ ደግሞ መዳኛ የለውም፤ የሚታየውም ከዓመታት በኋላ ነው። ቀን ሠራተኛው ያኔ የት እንዳለ ማን ያውቃል? ሲቀጠሩና በየጊዜው ደረታቸው ራጅ እንዲነሳ ደጋግሜ ጠየቅኩ። ሥራውን ስለቅ ጥያቄዬ ገና መልስ አላገኘም ነበር።

የብዙዎቹን ስልክ ይዣለሁ። ሳል የጠናበት ይደውልልኛል። ሐኪም ቤት ሲገባ መጀመሪያ ከሰል ላይ ስንት ዓመት እንደሠራ እንዲናገር እነግረዋለሁ።