የእድራችን ገጾች ለማን ይከፈታሉ? ጃንጎን ስማር ሦስተኛው ወር

ባለፈው ስጽፍላችሁ የሰፈራችን እድር መዝገብ ከደብተር ወደ ጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ መሥሪያ) ተዛውሮ አልቋል ብዬ ነበር። መዛወሩስ እውነትም አልቋል። ይህን ወር የበላብኝ ሌላ ነገር ነው፦ የትኛው ገጽ ለማን ይከፈት፣ ለማን ይዘጋ የሚለው። ጃንጎ ይዞት የሚመጣው አድሚን (የአስተዳዳሪ ገጽ) ፈቃዱን ራሱ ይቆጣጠራል። እኔ በእጄ የጻፍኳቸውን ገጾች ግን እኔው ካልጠበቅኳቸው የሚጠብቃቸው የለም።

እድሩ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር አለው፣ ከዚያ ተራው አባል ነው። ለእያንዳንዱ ድርሻ አንድ ግሩፕ ከፈትኩ፤ ፈቃድ የሰጠሁትም ለሰው ሳይሆን ለግሩፑ ነው። ምርጫ ተደርጎ ኮሚቴው ሲቀየር የሰዎቹን ግሩፕ መቀየር ብቻ ይበቃኛል።

ችግሩ የጀመረው በአንድ ቅዳሜ የስልክ ጥሪ ነው። የደወሉት ገንዘብ ያዣችን ናቸው። «ልጄ፣ ስሜንም የይለፍ ቃሌንም አስገብቼ እገባለሁ፤ መዋጮ መመዝገቢያውን ስነካው ግን መልሶ ስምሽን አስገቢ ይለኛል» አሉኝ። ወዲያው በራሴ አካውንት ገብቼ ሞከርኩት፤ ገጹ ተከፈተ። የይለፍ ቃል ተሳስተው ይሆናል ብዬ አዲስ ሰጠኋቸው። ያው ነው። ሌላ ብራውዘር አስሞከርኳቸው። አሁንም ያው። ሁለት ቀን ሙሉ ስህተቱን እሳቸው ስልክ ላይ ስፈልግ የቆየሁት በራሴ አካውንት ስለተከፈተልኝ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ተደራርቦ ነበር። አንደኛው፣ ፐርሚሽን ሪኳየርድ የሚባለው ዲኮሬተር (ከገጹ ኮድ በላይ የሚጻፍ የጥበቃ ምልክት) ፈቃድ የሌለው ሰው ሲመጣበት ካልነገሩት በቀር «አልተፈቀደም» አይልም፤ ወደ ሎጊን ገጽ ይመልሰዋል፣ ሰውዬው አስቀድሞ ገብቶ ቢሆን እንኳ። ስለዚህ ገንዘብ ያዣችን ያዩት ነገር የሎጊን ችግር ቢመስልም የፈቃድ ችግር ነበር። በመሃል ደግሞ መፍትሔ መስሎኝ፣ አንዴ የገባ ሰው ሎጊን ገጹን ዳግም እንዳያይ የሚያደርገውን ሪዳይሬክት ኦተንቲኬትድ ዩዘር የሚባል ማስተካከያ አበራሁት። ያን ጊዜ ሁለቱ ገጾች እንደ ኳስ ይቀባበሏቸው ጀመር፤ ብራውዘሩም ምልልሱ በዛ ብሎ አቆመው። ዲኮሬተሩ ላይ ሬይዝ ኤክሴፕሽን የሚለውን ትሩ (አዎ) ሳደርገው ግን ገጹ በግልጽ 403 («አልተፈቀደም» የሚለውን ቁጥር) መለሰ። ቢያንስ የትኛው በር ላይ እንደቆምን ታወቀ። በክላስ ለተጻፉ ቪዎች (ገጹን አዘጋጅተው ለሚመልሱ የኮድ ክፍሎች) የሚያገለግለው ተመሳሳይ ሚክሲን (ክላስ ላይ የሚደረብ ኮድ) ከጃንጎ 2.1 ወዲህ የገባን ሰው በቀጥታ 403 ይለዋል። ዲኮሬተሩና ሚክሲኑ አንድ ሥራ የሚሠሩ ስለሚመስሉ እኔም ጠባያቸው አንድ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም።

ሁለተኛውና ዋናው የፈቃዱ ስም ነው። በጃንጎ የፈቃድ ስም በአፑ (በፕሮጀክቱ አንድ ክፍል) ስም ይጀምራል፣ ነጥብ ይከተላል፣ ከዚያ ድርጊቱና የሞዴሉ (የመረጃው ዓይነት መግለጫ) ስም በትንንሽ ፊደል ይመጣሉ። ድርጊቶቹ አድ (መጨመር)፣ ቼንጅ (መለወጥ)፣ ዲሊት (መሰረዝ)፣ እንዲሁም በ2.1 የተጨመረው ቪው (ማየት) ናቸው። እኔ የመዋጮውን ሞዴል «አባላት» ከሚለው አፕ አውጥቼ «ሂሳብ» ወደሚለው አዛውሬዋለሁ። ዲኮሬተሩ ላይ ግን የድሮው አፕ ስም እንደተጻፈ ቀርቷል። ጃንጎ «እንዲህ የሚባል ፈቃድ የለም» ብሎ አያስጠነቅቅም። ጭራሽ የሌለ ፈቃድ ብትጠይቁት ዝም ብሎ «ይህ ሰው የለውም» ይላችኋል። ጠያቂው ሱፐርዩዘር (ሁሉ የተፈቀደለት ተጠቃሚ) ከሆነ ደግሞ ዳታቤዙን ሳያይ «አለው» ይላል፣ ስሙ የተሳሳተ ቢሆንም። እኔ በሱፐርዩዘር አካውንቴ ብሞክረው ዓመቱን ሙሉ ይከፈትልኝ ነበር።

ያገኘሁት ኮዱን ደጋግሜ በማንበብ አይደለም። ሰርቨሩ ላይ የጃንጎን ሼል (ትእዛዝ መጻፊያ) ከፍቼ የገንዘብ ያዣችንን አካውንት አወጣሁና ጌት ኦል ፐርሚሽንስ የሚለውን ጠራሁበት። ያላቸው ፈቃድ ሁሉ በዝርዝር ወጣ። ዲኮሬተሩ ላይ ከጻፍኩት ስም ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። አሁን «አልከፍት አለኝ» የሚል ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ የምሄደው ወደዚያ ነው። እግረ መንገዴንም አካውንቱ አክቲቭ መሆኑን አያለሁ፤ አክቲቭ ካልሆነ ሱፐርዩዘርም ቢሆን ለየትኛውም ፈቃድ መልሱ «የለውም» ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ገጽ የተዘጋበት ሰው ይደውላል፤ ያላግባብ ሲከፈት የሚደውል የለም።

የውዝፍ ዝርዝር የሚያሳይ ገጽ አለኝ። ማን የስንት ወር እንዳለበት በስም ይወጣበታል። እድርተኛ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰው ቸግሮት ሦስት ወር ቢያሳልፍ ጉዳዩ በእሱና በኮሚቴው መካከል ነው እንጂ የጎረቤት ወሬ አይደለም። ታዲያ የገንዘብ ያዣችን ጉዳይ ካስደነገጠኝ በኋላ፣ ሌሎቹንም ልይ ብዬ ኢንኮግኒቶ መስኮት ከፍቼ፣ ምንም ሳልገባ የዚያን ገጽ አድራሻ ጻፍኩ። ዝርዝሩ እንዳለ ወጣ።

ክላሱን ስጽፍ ሊስት ቪውን (ዝርዝር የሚያሳየውን) አስቀድሜ ሎጊን ሪኳየርድ ሚክሲንን (ያልገባን ሰው የሚመልሰውን) አስከትዬ ነበር። ፓይተን ከግራ ጀምሮ ነው የሚፈልገው። ጥያቄውን የሚቀበለውን ዲስፓች መጀመሪያ ያገኘው በሊስት ቪው በኩል ሆነ፤ ያኛው ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ገጹን ይመልሳል እንጂ ወደ ሚክሲኑ አያሳልፍም። ጥበቃው ኮዱ ውስጥ ተጽፏል፣ ግን ተራ አይደርሰውም። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። መድኃኒቱ ሚክሲኑን በግራ ጫፍ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ የጃንጎ ሰነድም ይህንኑ ይላል፣ እኔ ሳላስተውለው አልፌው ነበር።

ገጹ ሰርቨር ላይ ከወጣ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ከጃንጎ ፊት ሆኖ ጥያቄ የሚቀበለውን የኤንጂንኤክስ ሰርቨር ሎግ (የጎብኚዎች መዝገብ) ከፍቼ የአራቱን ቀን አንድ በአንድ አየሁት፤ ያንን አድራሻ የከፈተው የእኔ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ቢሆንም ሄጄ ለሰብሳቢው ነገርኳቸው። አደራ የተቀበሉት እሳቸው ስለሆኑ ማወቅ ይገባቸዋል።

ከዚያ ወዲህ በጃንጎ 5.1 የተጨመረውን ሎጊን ሪኳየርድ ሚድልዌር (ጥያቄ ሁሉ ቪው ጋር ሳይደርስ የሚያልፍበት ኮድ) አስገብቻለሁ። ነገሩን ይገለብጠዋል፦ ገጽ ሁሉ ዝግ ሆኖ ይጀምርና ለማንም ክፍት እንዲሆን የምፈልገውን ብቻ ሎጊን ኖት ሪኳየርድ በሚለው ምልክት እለያለሁ። ስታስገቡት ማን እንደገባ ከሚለየው ከኦተንቲኬሽን ሚድልዌሩ በታች መሆን አለበት። ይህ ግን ሎጊንን እንጂ ፈቃድን አይተካም። ሊንኩን ከሜኑ ላይ መደበቅም እንዲሁ አይተካውም፤ አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ሜኑ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ጉድለት የአባል ካርዱ ላይ ነበር። አባሉ ገብቷል፣ ካርድ የማየት ፈቃድም አለው፣ ሁሉም በሥርዓቱ ነው። አድራሻው መጨረሻ ላይ ያለውን 17 ወደ 18 ሲቀይረው ግን የጎረቤቱ ካርድ ይመጣል፣ ከነቤተሰቡ ስም ዝርዝር። የጃንጎ መደበኛ ፈቃድ በሞዴል ደረጃ ነው፤ «ካርድ ማየት ይችላል» ይላል እንጂ «የራሱን ካርድ» አይልም። ይህንን የፈታሁት ፈቃድ በመጨመር ሳይሆን በጌት ኩዌሪሴት ነው፦ ቪው ገና ከመነሻው የገባውን ሰው ካርድ ብቻ ከዳታቤዝ ያመጣል። የሌላ ሰው ቁጥር ሲጻፍ 404 («አልተገኘም») ይወጣል። 403 ይሻል ይሆን ብዬ አስቤበት ነበር፤ 403 ግን «ካርዱ አለ፣ አንተ አታየውም» ማለት ስለሆነ የሌለ ቁጥር ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር አንድ መልስ ማግኘቱን መረጥኩ። ኦዋስፕ የተባለው በድረ ገጽ ደህንነት ላይ የሚሠራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአሥር አደጋዎች ዝርዝር የመዳረሻ ቁጥጥር ጉድለትን ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ማውጣቱን አንብቤ ነበር። እንዲህ ያለው በቁጥር ቅየራ የሚገኝ የሰው መረጃ እዚያው ውስጥ ይመደባል።

403 ሁሉ ከአንድ ቦታ እንደማይመጣም ተምሬያለሁ። ፎርም ሲላክ የሚመጣውና ሲኤስአርኤፍ (ከሌላ ድረ ገጽ በሐሰት የሚላክ ፎርም መከላከያ) የሚል ጽሑፍ ያለበት የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። እኔን ያጋጠመኝ ሰርቨሩን ወደ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ስቀይር ነው፤ ከጃንጎ 4.0 ጀምሮ የታመኑ አድራሻዎች ዝርዝር ላይ ኤችቲቲፒኤስ የሚለው መነሻ አብሮ መጻፍ አለበት። ከታች የኤንጂንኤክስ ስም ያለበት ባዶ ገጽ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ጃንጎ ጋር ገና አልደረሰም ይሆናል። የአባላት ፎቶ አልታይ ያለኝ በዚህ ነበር። ሰርቨሩ የሚሠራበት ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ የተጠቃሚን ቤት ፎልደር ለሌላ ተጠቃሚ ስለሚዘጋ ኤንጂንኤክስ እዚያ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ሊያነብ አልቻለም። ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ቦታ አወጣኋቸው እንጂ የቤቱን በር አልከፈትኩም።

አሁን የያዝኩት ቴስት (ገጾቹን በራሱ የሚፈትን ኮድ) ከሁሉም ይበልጥ አረጋግቶኛል። 11 ገጾች አሉኝ። አምስቱን ድርሻዎችና ምንም ያልገባን ሰው ስቆጥር ስድስት ዓይነት ጎብኚ ይሆናል። በአንድ ሰንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ ጎብኚ በእያንዳንዱ ገጽ ምን ማግኘት እንዳለበት ጻፍኩ፦ 200 (ተከፈተ)፣ 302 (ወደ ሌላ ገጽ ተመራ)፣ 403 ወይም 404። ቴስቱ ፎርስ ሎጊን በሚባለው ያለ ይለፍ ቃል እየገባ 66ቱንም ይሞክራል። ሱፐርዩዘርን ሆን ብዬ አላስገባሁትም። ሰንጠረዡን የሞላሁት ብቻዬን ሳይሆን ከጸሐፊውና ከሰብሳቢው ጋር ተቀምጬ ነው፤ ኦዲተሩ መዋጮን እንዲያይ እንጂ እንዳይነካ ያሉኝ እነሱ ናቸው፣ እኔ ሁለቱንም ሰጥቼው ነበር። ቴስቱን ስትጽፉ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጃንጎ የተጠቃሚውን ፈቃድ አንዴ ከጠየቁት በኋላ በዚያው ኦብጀክት ላይ ይይዘዋል። በቴስቱ መሃል ግሩፕ ብትጨምሩለት የድሮውን መልስ ነው የምታገኙት፤ ተጠቃሚውን ከዳታቤዝ እንደ አዲስ ማምጣት ያስፈልጋል። መረጃውን ዳግም የሚያነበው ሪፍሬሽ ፍሮም ዲቢ የሚለው ትእዛዝ ይህን አያጸዳውም።

ባለፈው እሑድ ከስብሰባው በኋላ ገንዘብ ያዣችን የወሩን መዋጮ ራሳቸው በስልካቸው መዘገቡ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ እንጂ አልነካሁም። በመጨረሻ የራሳቸውን መዋጮ ሊመዘግቡ ሲሉ ቆም አሉና «ይሄንንስ እኔው ልመዝግበው? በደብተሩ ጊዜ ጸሐፊው ነበር የሚጽፍልኝ» ብለው ጠየቁኝ። ገጹ አይከለክላቸውም፤ ሰንጠረዤም ላይ እንዲህ ያለ ረድፍ የለም። ለጊዜው ጸሐፊው መዘገቡላቸው። በዚህ ሳምንት ከፋዩና መዝጋቢው አንድ ሰው ሲሆኑ ፎርሙ እንዳይቀበል የሚያደርግ ማረጋገጫ እየጻፍኩ ነው። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለውን በፎርሙ ሳይሆን በዳታቤዙ ደረጃ የሠራ ካለ እንዴት እንዳደረገው ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።