ቦቃ ወተቷን የነሳችን ማታ

ሰሞኑን አንድ የከተማ ጓደኛዬ ቲክቶክ ላይ ልጅ በሬ ሲደበድብ አይቶ «እናንተ የገጠር ልጆች ግን ለከብት አታዝኑም» አለኝ። ልከራከረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፣ ምክንያቱም እኔም አንድ ቀን ደብድቤያለሁ።

ያደግኩት ፎገራ ነው፣ ከወረታ ወረድ ብሎ ወደ ጣና ያለው ሜዳ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ከብቶቻችን ሆዳቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ፣ ምንም አይመስላቸውም። የፎገራ ላም ጥቁርና ነጭ ናት፣ የኛዋም እንደዛው፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ስሟ ቦቃ ነበር። ሌሎችም ነበሩን ግን ቤቱን ይዛ የቆመችው ቦቃ ናት።

እኔ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆን ነው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ሩዙ ታጭዶ ቀድሞ ከስሩ የተዘራው ጓያ ለምለም ብሎ ያስጎመጃል፣ እረኛ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ልቡ ገና ጨዋታ ላይ ነው እንጂ ከብት ላይ የለም። ጥንጓን ስናሯሩጥ ቆይተን ቀና ስል ቦቃ የጎረቤት ጓያ መሃል ገብታ ጅራቷን እያወዛወዘች ትበላለች፣ ሰውየው ከወዲያ እየጮኸ ይመጣል፣ ልጆቹ ይስቁብኛል። በቃ ሮጬ በያዝኩት የገና ዱላ ዳሌዋ ላይ አሳረፍኩባት። የመጀመሪያዋ ከማሳው ለማስወጣት ነው እንበል፣ የቀሩት ሦስት አራቱ ግን ወጥታ መንገድ ላይ ዝም ብላ ከቆመች በኋላ ነው። ይቺን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ማታ እምዬ (አያቴን ነው) በወይራ የታጠነች ቅሏን ይዛ ልታልብ መጣች። የኔ ሥራ ጥጃውን መፍታት ነው። ጥጃው እየዘለለ ሄዶ ግቷን በግንባሩ ጎሸም ጎሸም እያደረገ ይጠባል፣ አፉ ዳር ነጭ አረፋ ሲይዝ ወተቱ ወረደ ማለት ነው፣ ያኔ ጎትቼ ፊቷ አስረዋለሁ፣ እሷ ልጇን ስትልስ እምዬ ታልባለች። የዛን ቀን ጥጃው ቢጎሽም ቢጎሽም አረፋ የለም። እምዬ «በይ እንጂ የኔ እመቤት» እያለች ሞከረች፣ የቅሏን ቂጥ እንኳን አልሸፈነም። ጾም ስለነበር ከኛ ከልጆቹ የተረፈው ሁሉ ለገና ቅቤ ነው የሚጠራቀመው፣ እና አንድ ማታ መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም።

እምዬ ቅሏን አስቀመጠች። ማንንም አልጠየቀችም፣ ከቦቃ አንገት ጀምራ እጇን በቀስታ እያንሸራተተች ወደ ኋላ ሄደች፣ ዳሌዋ ጋ ስትደርስ የቦቃ ቆዳ እርግፍግፍ አለና እግሯን አነሳች። እምዬ እጇን እዛው እንዳደረገች ወደኔ ሳትዞር «ማነው የመታት?» አለች። እኔ እንጃ አልኩ። ለካ የገና ዱላዬን በረቱ በር ላይ አስደግፌው ነው የገባሁት።

ካደግኩ በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም አስረዳኝ፣ ላም ስትፈራ ወይ ሲያማት የሚለቀቀው አድሬናሊን ወተት የሚያወርደውን ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ያግደዋል። እምዬ «ከፍቷታል» ነው ያለችው፣ ያው ነው።

ዱላ እየጠበቅኩ ነበር፣ አልመታችኝም። «ከነገ ጀምሮ መዥገሯን የምትለቅመው አንተ ነህ» አለችኝ። መዥገር የት እንደሚደበቅ የማያውቅ ሰው ይስቅ ይሆናል፣ ጆሮ ውስጥ፣ ጅራት ስር፣ ግት መሃል ነው፣ ደም ጠጥቶ ባቄላ ካከለ ደግሞ በጣትህ ሳታፈነዳው መንቀሉ ራሱ ሙያ ነው፣ ከዛ እሳት ውስጥ ስትጥለው ጧ ይላል። እሱስ ይሁን፣ የከበደኝ ሌላ ነው፤ ቦቃ ሌላ ሰው ሲጠጋት ቆማ እኔን ስታይ ትሸሻለች። ሦስት ቀን ሙሉ! እንደ ሞረድ በሚሻክር ምላሷ ከመዳፌ ጨው ልሳ ስትጨርስ እንኳን ፊቷን ታዞርብኛለች። አምስተኛው ቀን መሰለኝ ጆሮዋን ስፈትሽ አንገቷን ዘርግታ አገጯን ትከሻዬ ላይ ጣለችው፣ ክብደቱ ጉልበቴን አጠፈው፣ እኔም ንቅንቅ ሳልል ቆምኩ፣ እግሬ እስኪደነዝዝ።

እምዬን ግን ቅድስት አድርጌ እንዳላወራ። አንዷን ጡት ለጥጃው ሳታልብ ትተዋለች፣ እንግዳ ቢመጣም አትነካትም፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ደግሞ በሌላ ዓመት የተወለደው ጥጃ ሲሞት ቆዳውን ገለባ አስሞልታ ጨው ነስንሳበት ቦቃ ፊት አቆመችው። ቦቃም እየላሰች ወተቷን ለቀቀች። «እያታለልናት እኮ ነው» ስላት «እኛም ቅቤያችንን እናግኝ፣ እሷም ልጇን ትላስ» አለችኝ። እስካሁን ሳስበው ደግነት ይሁን ጭካኔ አልለየልኝም፣ ቦቃ ግን ያንን ገለባ ስትልስ ዓይኗን ትከድን ነበር።

ባለፈው ለጥምቀት ሄጄ ነበር። ሜዳው አብዛኛው ሩዝ ሆኗል፣ ኤክስ ጅግና የሚሉት፣ ከብት የሚውልበት ብዙም አልቀረም። አክስቴ አንድ ዲቃላ ላም ቤት አስራ የሩዝ ገለባ ታበላለች። ስለ ዘመድ ስለ ሰርግ እያወራን እጄ ራሱ ሄዶ የላሟን ጆሮ ሲፈትሽ ባቄላ የምታክል አገኘ። አክስቴ «ኧረ ልብስህን! አሁን እኮ መድኃኒት ነው የምናስረጨው» ስትለኝ እኔ ነቅዬ እሳት እየፈለግኩ ነበር።

ምድጃው ላይ ቡና ተጥዷል። ጧ አለ።