የሰኔ ማርያም ጥላ ሆነችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት አዘግይቼዋለሁ። ስለቴ ሁለት ነበር። አንዱ ጃንጥላ ነው፤ ሌላው "ተአምርሽን ለሰው እናገራለሁ" የሚል። ጃንጥላውን አስገብቻለሁ። ሁለተኛውን ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ከረምኩ። እናቴ ስልክ በደወልኩ ቁጥር "ግማሹን ስለት ምን አደረግሽው?" ትለኛለች። እንግዲህ ዛሬ ልናገር።

የምንኖረው ሲያትል ነው። ነገሩ የሆነው ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጁን 28 ቀን 2021። በዚያ ሰሞን እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም። ሲያትል የዝናብ አገር ናት። ብዙ ቤት ኤሲ የለውም፤ የእኛም አልነበረውም። በእነዚያ ቀናት ግን ሞቃቱ አየር እንደ አክንባሎ ከላያችን ተከደነ። ዜናው ላይ "ሂት ዶም" ይሉት ነበር። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ሦስት ቀን በተከታታይ ሙቀቱ ከ100 ፋራናይት አለፈ። ሰኞ 108 ገባ። 42 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው። ሲያትል ውስጥ እንዲህ ያለ ሙቀት ተመዝግቦ አያውቅም።

እኛ ደግሞ ካምፒንግ ይዘን ነበር። ቦታውን ያስያዝነው ገና በብርዱ ወራት ነው። ልጆቹ ኮሮና ዓመት ሙሉ ቤት ዘግቶባቸው ስለነበር ቀኑን በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ትንበያውን ስንሰማ እንቅር አልን። ባለቤቴ "ቤት ብንቀርም ያው መጋገር ነው፤ እዚያ ቢያንስ ሐይቅ አለ" አለ። እውነት መሰለን። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ጭነን ወጣን።

የሄድነው ከተራራው ባሻገር በምሥራቅ ዋሽንግተን ወዳለው ሰን ሌክስ ድራይ ፎልስ ፓርክ ነው። ተራራውን ሲሻገሩ አረንጓዴው ያልቃል። አገሩ ደረቅ ነው። ፓርኩ ውስጥ በበረዶ ዘመን መጨረሻ ታላቅ ጎርፍ ፈልፍሎት የሄደ፣ ዛሬ ውሃ የማይወርድበት ፏፏቴ አለ። ስፋቱ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ገደሉ 120 ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ ከታች፣ በጥቁር የድንጋይ ግድግዳ መሀል ተኝቷል። በደህና ቀን ያምራል። በዚያ ሰሞን ግን ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ይተፋው ነበር። እሑድ ሌሊት ማናችንም በደንብ አልተኛንም። ሰኞ ጠዋት መመለስ ነበረብን። "ልጆቹ አንዴ ውሃ ይግቡና ማታ ሲበርድ እንነዳለን" ብለን ቆየን።

እናቴ አብራን ነበረች። ልታርሰኝ መጥታ ኮሮና ያስቀራት ናት። ያኔ 67 ዓመቷ ነበር። የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ ብርድ እንጂ ሙቀት አታውቅም። የደም ግፊት አለባት። መድኃኒቷ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በሙቀት ጊዜ የሰውነትን ውሃ እንደሚያሟጥጥ የሰማሁት በኋላ ሐኪም ቤት ነው።

ወሩ የሰኔ ጾም ነው፤ ጾመ ሐዋርያት ከገባ ሳምንቱ። እናቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አትቀምስም። ጠዋት ውሃ ይዤላት ሄድኩ።

"እማዬ፣ ዛሬ እንኳን ጠጪ። ሙቀቱን አታዪም?"

"በእመቤቴ ቀን? ዘጠኝ ሰዓት ምን አላት፣ ትደርሳለች።"

እኔም ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጆቹን ይዘን ወደ ሐይቁ ወረድን። እሷ የዋና ልብስ በለበሰ ሰው መሀል መቀመጥ አልወደደችም። "እናንተ ሂዱ፣ እኔ ውዳሴዬን ላድርስ" ብላ ድንኳኑ ውስጥ ቀረች። ስንሄድ ድንኳኑ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ፀሐይ እንደምትዞር አላሰብንም። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው ጥሏት ሄዷል።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ብስኩት ሊያመጣ ሄደ። እየሮጠ ተመለሰ። "ማሚ፣ እማማ በረደኝ ትላለች። ጋቢ አምጣ አለችኝ።" ልጁ ግራ ገብቶት ይስቃል። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ።

የድንኳኑን ዚፕ ስከፍተው አክንባሎ ያነሳሁ መሰለኝ። የወጣው ግለት ፊቴን መታኝ። እናቴ በጀርባዋ ተኝታለች። ውዳሴ ማርያሟ በሰኞው ላይ እንደተገለጠ ደረቷ ላይ ተደፍቷል። ፊቷ በርበሬ መስሏል። ጠብታ ላብ የለባትም። ግንባሯን ስነካው ደረቅ ነው፤ ይፋጃል። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ያየችው ግን እኔን አይደለም።

"ልጆቹን አልብሺያቸው" አለች። "ውርጭ ወርዷል። ባቄላውን መታው።"

ባለቤቴ 911 ደወለ። ገደሉ ሥር ኔትወርክ የለም። መኪናውን አስነስቶ ወደ ፓርኩ ቢሮ ነዳ። እኔ ከሦስት ልጆችና ከእናቴ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። እጇን ይዤ ጎትቼ ከድንኳኑ አወጣኋት። ውጭውም እሳት ነው። ያኔ ጮህኩ። "እመቤቴ! ዛሬ ቀንሽ ነው። ጥላው ሄዶባታል፣ አንቺ ጥላ ሁኚላት! ጃንጥላ አስገባልሻለሁ። ተአምርሽን ለሰው እናገራለሁ። እናቴን በሰው አገር በረሃ ላይ አትውሰጅብኝ!" በአማርኛ ነው የጮህኩት። ከአካባቢው ሰው አንድም ቃል የሚገባው አልነበረም።

ቀና ስል አንዲት ጠጉራቸው የሸበተ ፈረንጅ ሴት ከአጠገቤ ቆመዋል። ሁለት ቦታ አልፎ በቆመው እንደ ቤት በተሠራ ትልቅ መኪና ውስጥ ከባለቤታቸው ጋር ያረፉ ናቸው። አንድም ጊዜ ሰላም አልተባባልንም። ጎንበስ ብለው እናቴን ነኩ። "ነርስ ነበርኩ። ይሄ ሂት ስትሮክ ነው፤ ሙቀት መትቷታል። አሁኑኑ እናቀዝቅዛት" አሉ። ባለቤታቸውን ጠሩ። ለሦስት ተሸክመን መኪናው ውስጥ አስገባናት። ኤሲው ይሠራል። የበረዶ ሳጥናቸውን ከፈቱ። እስከ አፉ በረዶ ነው።

እጃቸው ሲሠራ አሁንም ይታየኛል። ነጠላዋን በበረዶ ውሃ ነክረው ከአንገቷ እስከ እግሯ አለበሷት። ማራገቢያ አዞሩባት። በረዶውን በላስቲክ እያደረጉ አንገቷ ላይ፣ ብብቷ ሥር፣ ብሽሽቷ ላይ አስቀመጡ። ነጠላው ሲሞቅ እንደገና ይነክሩታል። እኔ ውሃ ላጠጣት ኩባያ አነሳሁ። እጄን ያዙኝ። "ራሷን የማታውቅ ሰው ውሃ አይሰጣትም፤ ሳንባዋ ይገባል።" ያንን ነጠላ ሲነክሩ እኔ "ሰላም ለኪ" እላለሁ። ሌላ ጸሎት አፌ ላይ አልመጣም።

አምቡላንሱ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። በዚህ ጊዜ ያየችው እኔን ነበር። ድምጿ አይሰማም፤ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

"ዘጠኝ ሰዓት ሆነ?"

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። እሷን አቅፌ አለቀስኩ።

የአምቡላንሱ ልጆች ሲለኳት፣ ያ ሁሉ በረዶ ተደርጎላት፣ ሙቀቷ ገና ከ39 ዲግሪ በላይ ነበር። ግሉኮስ ሰክተው ወሰዷት። ሐኪሙ ቀድሞ ባይቀዘቅዝላት ኖሮ አንጎሏና ኩላሊቷ ይጎዳ እንደነበር ነገረን። ሁለት ሌሊት አደረች። በሦስተኛው ቀን በእግሯ ወጣች።

የሚገርመኝን ነገር የሰማሁት በኋላ፣ ላመሰግናቸው ስደውል ነው። ሴትዮዋና ባለቤታቸው በዚያ ዕለት ሊሄዱ የነበረው ጎህ ሲቀድ ነው። ለመንገድ ብለው በረዶውን ሞልተዋል፤ ዕቃ ሰብስበዋል። ሊነሱ ሲሉ የኋላ ጎማ ተንፍሶ ተገኘ። ጎማ የሚሠራው ሰው ረፋድ ላይ እመጣለሁ ብሎ ቀረ። የመጣው አምቡላንሱ እናቴን ይዞ ከወጣ በኋላ ነው። "ጠዋት በጣም ተናድጄ ነበር" አሉኝ ሴትዮዋ። ከዚያ ድምጻቸው ተቆረጠ። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ማልቀስ ጀመርኩ።

በዚያ ሳምንት በዋሽንግተን ግዛት ብቻ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች በሙቀቱ ሞተዋል። ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። የእነሱም ልጆች ጸልየዋል። ይህን ሳስብ ምስጋናዬ ከእንባ ጋር ነው የሚወጣው። የእኔ እናት ከእነሱ በልጣ አይደለም። ቸርነቱ ነው።

ለእናቶቻችን አንድ ነገር ልለምን። በሙቀት ቀን የሚጾሙ፣ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናትና አባት ያላችሁ፣ እንደኔ ዝም አትበሉ። የንስሐ አባታቸው ጋ ደውሉላቸው። የእናቴ ንስሐ አባት ሲሰሙ ተቆጧት። "ጾም ለታመመ አልተባለም፤ ውሃ ጠጪ፣ በጸሎት ጹሚ" አሏት። እሺ አለች። ሰው ላብ አቁሞ ሰውነቱ ከጋለና ንግግሩ ከተምታታ ደግሞ "ትንሽ ይተኛ" አትበሉ። አምቡላንስ ጥሩ፤ እስኪመጣ በውሃ አርሱት፣ አራግቡለት።

ጃንጥላውን ከአዲስ አበባ አስመጣነው። ቀይ ከፋይ ነው፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። እናቴ ስለቱን ሳታይ አልሄድም ብላ ጉዞዋን አራዘመች። በ2014 ዓ.ም. የሰኔ ማርያም ታቦቷ ስትወጣ ዲያቆኑ ዘረጋው። ፀሐይ ነበረች። የጃንጥላው ጥላ አስፋልቱን አቋርጦ መጥቶ እናቴ እግር ላይ አረፈ። እሷ በአንድ እጇ ነጠላዋን፣ በአንድ እጇ የተጋመሰ የውሃ ላስቲክ ይዛ እልል ትላለች።